ከኤስፒኤስኤስና ከስታታ ወደ ኤክሴል ሲሻገር ቁጥሩ ለምን ይቀየራል?

የማራኪዋ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት አመጋገብ ላይ የተሠሩ ሠንጠረዦችን ወደ አንድ የኤክሴል ፋይል ማሰባሰብ አለብኝ። አማካሪዬ ኦድስ ሬሾው (የዕድል ንጽጽሩ) በሁለት ዴሲማል፣ ፒ ቫልዩው (የውጤቱን ስታቲስቲካዊ ጉልህነት የሚያሳየው) በሦስት ዴሲማል ይሁን ብሏል። ግማሹ ትንተና በኤስፒኤስኤስ 27፣ ግማሹ በስታታ 16 ነው (ሁለቱም የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ናቸው)፤ ኤክሴሉ 2016 ነው። የገጠሙኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ኤስፒኤስኤስ ላይ .000 የሚለው ፒ ቫልዩ ኤክሴል ላይም .000 ይላል፤ ሴሉን ስነካው ግን ላይኛው መስመር ላይ 0.0000172 ይመጣል። የቱን ነው የምጽፈው?

ለ. ከስታታ የውጤት መስኮት ኮፒ አድርጌ የለጠፍኩት ስታንዳርድ ኤረር በቅንፍ (0.214) የነበረው -0.214 ሆኗል።

ሐ. በሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) ያወጣሁት የዕድሜ ክልል "6-11" የነበረው "11-ጁን" ሆኗል። "12-23"ም ቀን ሆኗል። "0-5" እና "24-59" ግን ምንም አልሆኑም። ለምን ሁለቱ ብቻ?

መ. በ03 የሚጀምረው የቤተሰብ ኮድ ፊቱ ያለው ዜሮ ጠፍቷል።

ሠ. በአማርኛ የተጻፈው ስያሜ በሙሉ የማይነበብ ምልክት ሆኗል።

---

ዳታ ጠራጊ

እህቴ፣ አምስቱም የየራሳቸው ምክንያት ስላላቸው አንድ መድኃኒት አትፈልጊላቸው። ሀ ላይ የተበላሸ ነገር የለም። ለ፣ ሐ እና መ ላይ ኤክሴል ዋጋውን ራሱን ለውጦታል፤ ፎርማት በመቀያየር አይመለስም። ሠ የኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደላት በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበት ሥርዓት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ሴሉ ውስጥ ያለውን ዋጋና ዓይንሽ የሚያየውን መልክ ነው። ሴሉን ነክተሽ ላይኛውን መስመር ካየሽ እውነተኛው ዋጋ እሱ ነው። አሰላለፍ ባልተነካበት ሠንጠረዥ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል፤ ከኤስፒኤስኤስ የመጣ ሠንጠረዥ ግን አሰላለፉን ይዞ ስለሚመጣ በዚህ አትታመኚ። ከጎኑ ባዶ ሴል ላይ ኢዝነምበር የሚለውን ፈንክሽን ሞክሪ። ትሩ ካለሽ ቁጥር ነው፣ ፎልስ ካለሽ ጽሑፍ ነው።

ወደ ሀ ልምጣ። ኤስፒኤስኤስ ሠንጠረዡን ሲያወጣ ሙሉ ዋጋውን ይልክና የሦስት ዴሲማል መልክ ያለብሰዋል። መሆን ያለበትም ይሄው ነው። አወጣጡ ግን በኮፒና ለጥፍ አይሁን። አውትፑት መስኮት ላይ ሠንጠረዡን ምረጪ፤ ፋይል > ኤክስፖርት ግቢ፤ ከላይ "ሰሌክትድ" የሚለውን፣ ታይፕ ላይ "ኤክሴል 2007 እና ከዚያ በላይ" የሚለውን ያዢ። ኮፒ ማድረግ ግድ ከሆነ ኤክሴል ላይ ስትለጥፊ በፔስት ስፔሻል ቢፍ የሚለውን ምረጪ፤ ሙሉ ዋጋው አብሮ ይመጣል። እንደ ተራ ጽሑፍ ከለጠፍሽው ግን የሚመጣው የሚታየው ብቻ ነው፤ .000 በቃ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ማወቂያ የለሽም።

ጽሑፉ ላይ .000 ብለሽ አትጻፊ፤ ፒ ቫልዩ ዜሮ አይሆንም። <0.001 ነው የሚባለው። ይህንን አንድ በአንድ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። የፒ ቫልዩውን ዓምድ ብቻ ምረጪ፣ ኮንትሮልና 1ን ተጫኚ፣ ከስም ዝርዝሩ መጨረሻ ከስተም የሚለውን ከፍተሽ ይህንን ጻፊ፦

[<0.001]"<0.001";0.000

ከ0.001 ያነሰው ሁሉ <0.001 ተብሎ ይታያል፣ ሌላው በሦስት ዴሲማል ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው 0.0000172 ግን አይነካም። ፊት ያለው ዜሮም በዚያው ይስተካከላል። አንድ አደራ፦ ይህን ፎርማት ኮኤፊሸንት ባለበት ዓምድ ላይ እንዳታደርጊው። ማንኛውም ኔጋቲቭ ቁጥር ከ0.001 ስለሚያንስ -1.84 የነበረው <0.001 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሠንጠረዡን አይቶ የሚጠረጥርም ላይኖር ይችላል።

ዜሮው ከምንጩ እንዲመጣ ከፈለግሽ ኤስፒኤስኤስ ላይ ኤዲት > ኦፕሽንስ ውስጥ ጄኔራል የሚለው ክፍል ከዴሲማል ፊት ዜሮ እንዲያሳይ የሚያዝ ምልክት ማድረጊያ አለው። እዚያው ትንንሽ ቁጥሮችን በሳይንሳዊ አጻጻፍ እንዳያወጣ የሚከለክልም አለ። ምልክቱን ካደረግሽ በኋላ ትንተናውን እንደገና አሂጂው።

---

የአዘዞው

ለ ላይ ያለው የስታታ ችግር አይደለም። በሂሳብ መዝገብ ልማድ በቅንፍ የተከበበ ቁጥር ኪሳራ ነው፤ ኤክሴልም (0.214) ሲገባለት -0.214 ብሎ ይመዘግበዋል። አደገኛነቱ ስህተት የሚመስል ነገር ስለሌለው ነው። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (1.32, 3.47) ተብሎ በአንድ ሴል ከተጻፈ ግን ጽሑፍ ሆኖ ይተርፋል፤ ስለዚህ አንዱ ዓምድ ተበላሽቶ ሌላው ደህና መሆኑ አያደናግርሽ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሠንጠረዡን ምን ልታደርጊበት እንዳሰብሽ ይወስነዋል።

ለማተም ብቻ ከሆነ ኢስትታብ የሚባለውን የስታታ ትእዛዝ ተጠቅመሽ በሲኤስቪ አውጪው። ኢስትታብ እያንዳንዱን ሴል በ="(0.214)" መልክ ነው የሚጽፈው። ያ የእኩል ምልክት ኤክሴል ውስጡን እንዳይተረጉመው ነው የተቀመጠው። ፕሌን የሚለውን አማራጭ ከጨመርሽ ግን መከላከያው ይነሳል። ጉዳቱ ሴሉ ሁሉ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ መደመርም ግራፍ መሥራትም አይቻልም።

ቁጥሩን መልሰሽ የምትሠሪበት ከሆነ ፑትኤክሴል የሚባለው የስታታ ትእዛዝ ይሻላል። ሎጂስቲክ የሚለውን ትእዛዝ ካስኬድሽ በኋላ ውጤቱ አር(ቴብል) በሚባለው ማትሪክስ ውስጥ ይቀመጣል። 9 ረድፍ አለው፦ 1ኛው ኦድስ ሬሾ፣ 2ኛው ስታንዳርድ ኤረር፣ 4ኛው ፒ ቫልዩ፣ 5ኛውና 6ኛው የኢንተርቫሉ ታችና ላይ ናቸው። ተለዋዋጮቹ በአግድም ስለሆኑ መጀመሪያ ገልብጪው፣ ከዚያ ወደ ኤክሴል ላኪው፣ ለእያንዳንዱ የሴል ክልል ደግሞ ኤንፎርማት በሚለው አማራጭ "0.00" ወይም "0.000" ስጪው። ኢ(ቢ) ከሚለው ማትሪክስ እንዳትወስጂ፤ እዚያ ያለው ሎግ ኦድስ ነው።

ቅንፉ የግድ ካስፈለገ ቁጥሩ ቁጥር እንደሆነ ይቀመጥና ከስተም ፎርማት ላይ (0.000) ብለሽ ጻፊ። 0.214 በቅንፍ ይታያል፣ ላይኛው መስመር ላይ ግን ፖዘቲቭ 0.214 ነው።

አንድ ሌላ የስታታ ጉድ፦ 0.1 ብለሽ ያስገባሽው ዳታ ኤክሴል ላይ 0.100000001490116 ሆኖ ከመጣ ተለዋዋጩ ፍሎት (በጠባብ ቦታ የሚቀመጥ የቁጥር ዓይነት) ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ሪካስት ደብል ብቻ አያስተካክለውም፣ ያንኑ የተጣመመ ቁጥር ሰፋ ባለ ቦታ ያስቀምጠዋል እንጂ። ሪካስት ካደረግሽ በኋላ በራውንድ 0.1 ወይም 0.01 ላይ መልሰሽ አጠጋጊው።

---

ቶሎ ጨራሽ

ይህን ሁሉ ከመድከም ሁሉንም ሴል ቴክስት አድርጎ መለጠፍ ነው። ምንም አይቀየርም፣ አበቃ።

---

ዳታ ጠራጊ

ወንድሜ፣ ለመጨረሻው ለሚታተመው ገጽ እስማማለሁ። ለሥራ ፋይል ግን አይሆንም። አማካሪው ነገ "ሁለቱን በሦስት ዴሲማል አድርጊው" ቢላት ቴክስት የሆነው 2.14 ሦስተኛውን አሃዝ ከየት ያመጣዋል? ደግሞም ሰም የሚለው ፈንክሽን ጽሑፍ የሆነውን ቁጥር ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ ስህተት አይልሽም፣ ድምሩ ብቻ ይጎድላል። የሥራው ፋይል ቁጥር እንደያዘ ይቀመጥ፣ የሚታተመው ከእሱ ይቀዳ።

---

ሙሉ ዓምድ

ሐ፣ መ እና ሠ አንድ ምንጭ አላቸው፤ ሲኤስቪውን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ መክፈት። ሲኤስቪ ፎርማት የሚባል ነገር አይዝም፣ ፊደልና ኮማ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤክሴል በራሱ ይገምታል።

ለምን ሁለቱ ብቻ ላልሽው፦ 6-11 ወርና ቀን ሊሆን ይችላል፣ 12-23ም 12ኛ ወር አለና ይቻላል። 0-5 ላይ ዜሮኛ ወር ወይም ዜሮኛ ቀን የለም። 24-59 ላይም እንደዚያው። ከዚህ የተነሳ ከአራት የዕድሜ ክልል ሁለቱ ብቻ ይበላሻሉ፣ ሠንጠረዡ ረጅም ከሆነ ደግሞ ሳይታይ ያልፋል። አሁን ያንን ሴል ቴክስት ብታደርጊው 6-11 አይመለስም፤ 45819 የመሰለ ቁጥር ነው የሚወጣው። 45819 ማለት ኤክሴል ከ1900 ጀምሮ የቆጠረው ቀን ነው፣ ጁን 11 ቀን 2025። ፋይሉ በሌላ ዓመት ከተከፈተ ቁጥሩም ሌላ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ማርች1 እና ሴፕት1 የመሳሰሉትን ስሞች ኤክሴል ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረ በ2020 ስማቸውን እስከ መቀየር ደርሷል። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን ልማድ ማጥፊያ ወደ ኤክሴል 365 ያስገባው በ2023 ነው (ፋይል > ኦፕሽንስ > ዳታ)። አንቺ 2016 ላይ ስለሆንሽ እሱን እርሺው።

ያለሽ መንገድ ይህ ነው። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ። ዳታ > ፍሮም ቴክስት ብለሽ ፋይሉን ምረጪ። ሦስት ደረጃ ያለው መስኮት ይመጣል። በ1ኛው ዲሊሚትድ የሚለውን ያዢ፣ ፋይል ኦሪጅን ላይ ደግሞ 65001 ዩቲኤፍ-8 እስክታገኚ ውረጂ። አማርኛው እዚያው ከታች ባለው ናሙና ላይ ሲስተካከል ታይዋለሽ፤ ካልተስተካከለ አትቀጥዪ። በ2ኛው ኮማ። በ3ኛው ኮድና የዕድሜ ክልል ያለባቸውን ዓምዶች አንድ በአንድ እየነካሽ ቴክስት በያቸው፣ ሌላውን ጄኔራል እንዳለ ተዪው። የተሻሻለ 2016 ከሆነና የሚመጣልሽ መስኮት የተለየ ከመሰለ፣ ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን በሚለው ላይ "ዱ ኖት ዲቴክት" የሚለውን ምረጪ፤ ሁሉም ጽሑፍ ሆኖ ይገባል፣ የቁጥር ዓምዶቹን በኋላ ወደ ቁጥር ትለውጫለሽ። ፋይሉን በፋይል > ኦፕን ከከፈትሽው ግን ይህ ሁሉ መስኮት አይመጣም፣ በቀጥታ ይከፍተዋል።

ሌላው አቋራጭ፣ ስያሜውን ከምንጩ ማስተካከል ነው። ቫልዩ ሌብሉን "6-11 ወር" ካልሽው ወይም "ከ6 እስከ 11 ወር" ብለሽ ከጻፍሽው ኤክሴል ቀን ሊያደርገው አይችልም። አንዲት "ወር" የምትል ቃል ትበቃለች።

ስለ ኮዱ፦ 03 የአማራ ክልል ኮድ ስለሆነ የጠፋው ዜሮ በሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ኮድሽ ርዝመቱ እኩል ከሆነ መመለስ ይቻላል። ለምሳሌ 11 አሃዝ ከሆነ ከስተም ላይ 11 ዜሮ ጻፊ። ግን ያ መልኩን ብቻ ነው፤ ከሌላ ፋይል ጋር የምታገናኚው ከሆነ ከምንጩ እንደ ጽሑፍ አስገቢው። ኮዱ ከ15 አሃዝ ከበለጠ ጉዳዩ የከፋ ነው። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ 16ኛውና ከዚያ ወዲያ ያለው ዜሮ ይሆናል። የቀበሌ፣ የጎጥና የቤት ቁጥር ተገጣጥሞ ረጅም ኮድ ሲሠራ የሁለት ጎረቤታሞች ኮድ አንድ ዓይነት ሆኖ ቁጭ ይላል። የስልክ ቁጥርም በ0 የሚጀምር ስለሆነ እንደ ቁጥር አይገባም።

---

የማራኪዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፒ ቫልዩውም ቅንፉም ተስተካክሏል፤ አማርኛው በ65001 ወዲያው ተነበበ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። የቃለ መጠይቁ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን/ወር/ዓመት ተብሎ ተመዝግቧል፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ተጠግቶ ነው የመጣው። ሁለተኛ፣ 33.3 ሦስት ጊዜ ተደምሮ 100.0 እያለ ነው፤ አማካሪዬ 99.9 አይደለም ወይ አለኝ።

---

የአዘዞው

የቀኑ ነገር መጥፎ ነው፤ ወደ ቀኝ የተጠጉትን ነው መፍራት ያለብሽ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። የ2016 ጥቅምት 30 ሲጻፍ 30/02/2016 ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይተርፋል። ጥቅምት 29 ግን 29/02/2016 ነው፣ የፈረንጆቹ 2016 ደግሞ ፌብሩዋሪው 29 የሆነበት ዓመት ስለሆነ እውነተኛ ቀን መስሎት ይወስደዋል። የ2016 ጥምቀት፣ ጥር 11፣ 11/05/2016 ተብሎ ይገባና ሜይ 11 ቀን 2016 ይሆናል፤ የዊንዶውሱ አቀማመጥ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ኖቬምበር 5። እውነተኛው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 3 (3/13/2016) ወርን በሚያስቀድመው ኮምፒውተር ላይ ማርች 13 ሆኖ ያርፋል። በዚህ ላይ የልጁን ዕድሜ በወር ካሰላሽ ምን እንደሚወጣ አስቢው።

ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይቀመጡ፣ ተራ ቁጥር ሆነው። ወደ ፈረንጆቹ መለወጡ ስታታ ወይም ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ይሠራ፣ ወደ ኤክሴል የሚሄደው የተለወጠው ይሁን። አሁን የተበላሸውን ለማረም አትሞክሪ፣ ከዋናው ፋይል እንደገና አውጪው።

የተለወጠው ቀን እንደ ተራ ቁጥር ከመጣብሽ ደግሞ እንዲህ አስተካክዪው። ስታታ ከ1960 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በቀን ነው የሚቆጥረው፤ 21916 ደምሪበት። ኤስፒኤስኤስ ከ1582 ኦክቶበር 14 ጀምሮ በሴኮንድ ነው የሚቆጥረው፤ ለ86400 አካፍዪና 115859 ቀንሺለት። ከዚያ የቀን ፎርማት አልብሺው።

---

አር ተጠቃሚ

እኔ አር (ሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ላይ ነኝ፤ ለሚያነብ ሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። ራይትኤክስኤል የሚባለው የአር ፓኬጅ ፈጣን ነው ግን የቁጥር ፎርማት አይሰጥም። ኦፕንኤክስኤልኤስኤክስ በሚባለው ፓኬጅ ላይ ክሪኤትስታይል ብላችሁ ነምኤፍኤምቲ የሚለው ላይ "0.000" ስጡ፣ ከዚያ አድስታይል በሚለው ዓምዶቹ ላይ አልብሱት፤ ግሪድኤክስፓንድ ትሩ ካልተባለ ሁሉንም ሴል አይሸፍንም። በኤስፕሪንትኤፍ ወይም በፎርማት ያስተካከላችሁት ሁሉ ወደ ጽሑፍ ተለውጧል፤ ኤክሴል ላይ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን የምታዩት ለዚህ ነው። ሲኤስቪ ከሆነ ደግሞ ሪድአር ከሚባለው ፓኬጅ ራይት ኤክሴል ሲኤስቪ የሚለውን ተጠቀሙ፣ ፋይሉ መነሻ ላይ የዩቲኤፍ-8 ምልክት ስለሚያደርግ አማርኛው ሁለቴ ጠቅ ቢደረግም ይነበባል። ቀኑንና ዜሮውን ግን አያድንም።

የመጨረሻ አሃዝ በአንድ ቢለያይ አትደንግጡ። አር 2.5ን ሲያጠጋጋ ወደ ሙሉው ጥንድ ቁጥር ይሄዳልና 2 ይላል፣ ኤክሴል 3 ይላል።

---

ዳታ ጠራጊ

33.3ን በተመለከተ፣ 100.0 ትክክል ነው። የተደመረው ከሥሩ ያለው 33.3333 ነው እንጂ የሚታየው አይደለም። ሠንጠረዡ ሥር "በማጠጋጋት ምክንያት ድምሩ ከ100 ሊለይ ይችላል" ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። አንድ ሰው ኦፕሽንስ > አድቫንስድ ውስጥ "ሴት ፕሪሲዥን አዝ ዲስፕሌይድ" የሚለውን አብሪው ቢልሽ እንዳትሰሚው። ድምሩን 99.9 ያደርገዋል፣ ነገር ግን በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ የሚታየው ላይ ቆርጦ ያስቀረዋል፤ ያ 0.0000172ም አብሮ ሊሄድ ይችላል። መልሰሽ ብታጠፊውም አይመለስም። የግድ ከሆነ ጎን ላይ ሌላ ዓምድ ከፍተሽ በራውንድ አጠጋጊና እሱን ደምሪ።

---

የማራኪዋ

ገባኝ ጋሼ። ፒያሳ ያለው ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ሊብሬኦፊስ ነው ያለው፤ የፒ ቫልዩው ፎርማት እዚያ ይሠራል?

---

ዳታ ጠራጊ

[<0.001] የሚለው ሊብሬኦፊስም ላይ ይሠራል። የሚያስቸግርሽ የዓምዱ ስፋት ነው። የፊደሉ ዓይነት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ በሌላ ይተካና ቁጥሩ አልበቃ ብሎ #### ሆኖ ይታተማል። ዓምዶቹን ትንሽ ሰፋ አድርጊና ፒዲኤፍ አድርገሽ በፍላሽ ውሰጂው፤ ሲኤስቪውን ግን እዚያ ከፍተሽ ሴቭ እንዳታደርጊ፣ በ03 የሚጀምረው ኮድ ዜሮውን እንደገና ሊያጣብሽ ይችላል።